የአባይን ቁልቁለት የሚይዘው ማን ነው? ፍሬን ወይስ ማርሽ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። ሁለት ዓመት በረዳትነት ሠርቼ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ሦስት ወሬ ነው። አሁን አይሱዙ ተሰጥቶኝ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ሸቀጥ ላመላልስ ነው። ስለ አባይ በረሃ ሁለት ዓይነት ምክር ሰማሁ። አንዱ ሹፌር ‹ፍሬንህ አዲስ ነው፤ ማርሽ አውጥተህ በፍሬን እየያዝክ ውረድ፤ ነዳጅ ታተርፋለህ› አለኝ። አንድ ሽማግሌ ሹፌር ደግሞ ‹በምትወጣበት ማርሽ ውረድ› አሉኝ፤ ምክንያቱን ግን አልነገሩኝም። ትክክለኛው ማንኛው ነው? ደግሞስ ገና ከጋራዥ የወጣ መኪና ቁልቁለት ላይ ለምን ፍሬን ይበጥሳል?»

ወንድሜ፣ ልክ የሆኑት ሽማግሌው ናቸው። የመጀመሪያውን ምክር ዛሬውኑ ከአእምሮህ አውጣው። ምክንያቱን መጠየቅህ ደስ አሰኝቶኛል፤ ምክንያቱን የማያውቅ ሹፌር ደንቡን የሚጠብቀው እስኪቸኩል ድረስ ብቻ ነውና።

ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ጋር በአውቶቡስ አባይን ስንወርድ ያየሁትን ልንገርህ። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ጎማ ይሁን ጨርቅ ለመለየት የሚያስቸግር፣ አፍንጫ የሚሰረስር የቃጠሎ ሽታ መኪናውን ሞላው። ሹፌሩ አንዲት ቃል ሳይናገር ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኝ ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቶ ቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማዎቹ ሥር ታኮ አደረገ። ከኋላ ቸርኬዎች ውስጥ ቀጭን ጭስ ይወጣ ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ «ፍሬኑ እየያዘ ነው፤ ታዲያ ምን አስቆመን?» ያለም ነበር። ሹፌሩ መልስ አልሰጠም። ያ ሰው በዚያ ቀን ምን እንዳደረገልን የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ፊዚክስ ስማር ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ፍሬንና ስለ ካምቢዮ ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ያ ሽታ ግን እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

«ፍሬን በጠሰ» የሚለውን አነጋገር ለጊዜው ወደ ጎን እናድርገው። አነጋገሩ አንድ ገመድ በድንገት የተቆረጠ ያስመስለዋል፤ ነገሩን ከሹፌሩ አቅም በላይ የሆነ ዕጣ ያደርገዋል። በእርግጥ የሚፈነዳ ቱቦ፣ የሚሰበር ዕቃ አለ። በረጅም ቁልቁለት ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ግን መበጠስ አይደለም፤ መጥገብ ነው። ፍሬን ሊሸከመው የሚችለው ሙቀት ልክ አለው። ልኩ ሲሞላ መያዝ ያቆማል፤ ሲቀዘቅዝ ብዙውን ጊዜ እንደገና ይይዛል። የእኛ አውቶቡስም ፍሬኑ ከቀዘቀዘበት ከዚያ ሰዓት በኋላ በሰላም ወርዷል።

ተማሪዎቼን «ፍሬን ምን ይሠራል?» ብዬ ስጠይቃቸው «መኪና ያቆማል» ይሉኛል። እውነተኛው ሥራው እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ጉልበት አይጠፋም፤ መልኩን ይቀይራል እንጂ። መኪናህ ቁልቁለቱ በሚጀምርበት በጎሃ ጽዮን ቆሞ ሳለ ከፍታው ብቻ ያስቀመጠለት ጉልበት አለ። ወደ አባይ ድልድይ ስትወርድ ያ ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ጥቂቱን የጎማው መንከባለልና የአየሩ ግፊት ይወስዱታል። ለቀረው መሄጃው ሦስት ነው፦ ፍጥነት ይሆናል፣ ወይም ፍሬንህን ያሞቃል፣ ወይም ሞተርህን በማዞር ያልቃል። የሹፌሩ ጥበብ በሙሉ የትኛውን በር እንደሚከፍትለት መምረጥ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። መኪናህ ከነጭነቱ 100 ኩንታል፣ ማለትም 10,000 ኪሎ ግራም ይሁን። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የምትወርደው ከፍታ ደግሞ ወደ 1,400 ሜትር ይጠጋል። በአማካይ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ትወርዳለህ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ መሬት መኪናህን ወደ ታች የምትስበው በክብደቱ 7 በመቶ ያህል ነው፤ 100 ኩንታል ከሆነ በሰባት ኩንታል። ሰባት ኩንታል ጤፍ ከገደል አፋፍ ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ በገመድ ከመኪናህ ፊት ታስሮ ሲጎትትህ አስበው። ለ20 ኪሎ ሜትር ለአፍታ እንኳ አይለቅህም። መንገዱ ጠንከር ባለበት ቦታ ከሰባትም ይበልጣል።

ያ ጉተታ እስከ ድልድዩ ድረስ የሚያወጣው ጉልበት ሲባዛ 137 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። ይህ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርህም፤ ስለዚህ ከምታውቀው ነገር ጋር ላወዳድርልህ። ይኸው መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ያለው የእንቅስቃሴ ጉልበት ወደ 1.4 ሚሊዮን ጁል ነው። ከ60 ፍጥነት አንድ ጊዜ ፍሬን ይዘህ ሙሉ በሙሉ ስትቆም ታምቡሮቹ፣ ማለትም ከጎማዎቹ ጋር የሚዞሩት ክብ የፍሬን ብረቶች፣ የሚውጡት ሙቀት እሱን ነው። እንግዲህ 137ን ለ1.4 አካፍለው። አባይን በፍሬን ብቻ መውረድ ከ60 ፍጥነት ወደ መቶ ጊዜ ያህል እየተነሱ እንደማቆም ነው። በሰዓት 30 እየወረድክ 40 ደቂቃ ቢፈጅብህ፣ በየ24 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ ማለት ነው። ጎማውና አየሩ ድርሻቸውን ሲወስዱ ከመቶው ወደ ሰማንያ አምስት ቢቀንስም ነገሩ ያው ነው።

ገና ከጋራዥ የወጣ ፍሬን ለምን እምቢ እንደሚል የጠየቅኸው መልስ እዚህ ላይ ነው። መካኒኩ ፍሬኑን የሞከረው በሰፈር መንገድ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ እየረገጠ ነው። ያ ሙከራ ፍሬኑ መያዙን ያሳያል፤ ምን ያህል ሙቀት እንደሚችል ግን አያሳይም። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ በአገራችን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሙቀቱን በሌላ መንገድም ልታየው ትችላለህ። ሁለት ባለ 200 ሊትር በርሜሎች ውኃ ሞልተህ ከቀዝቃዛነታቸው አንስተህ እስኪፈሉ ድረስ ብታሞቃቸው የሚያስፈልግህ እሳት ይኸንኑ 137 ሚሊዮን ጁል ያህላል። ያ ሁሉ እሳት በ40 ደቂቃ ውስጥ ቸርኬዎችህ ውስጥ ይነዳል። ታምቡሮቹ በድምሩ 160 ኪሎ ብረት ቢሆኑና ሙቀቱ በሙሉ ውስጣቸው ቢቀር ኖሮ፣ ብረቱ ከመቅለጫው ነጥብ አልፎ ይሞቅ ነበር። የማይቀልጠው ነፋሱ እየወሰደለት ስለሆነ ነው። ነፋስ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚወስደው፤ አንተ ደግሞ ባለማቋረጥ ትጨምርበታለህ። በሰዓት 30 ፋንታ 60 ብትወርድ አጠቃላይ ሙቀቱ ብዙም አይለወጥም፤ የሚገባበት ጊዜ ግን በግማሽ ያጥራል፤ ነፋሱም ፋታ ያጣል።

ሙቀቱ ሲበዛ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ታምቡሩን እየተጫነ የሚይዘው የፍሬን ሸራ ባሕርዩ ይለወጣል። ሸራውን አጣብቆ የያዘው ሙጫ መሰል ነገር ከልክ በላይ ሲሞቅ ጋዝ ያወጣል፤ የሸራውና የታምቡሩ መያያዝም ይላላል። ያ ሽታ የዚህ መልእክተኛ ነው። ቀጥሎ ታምቡሩ ራሱ እንደማንኛውም ብረት በሙቀት ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል። ስለዚህ ሸራው እስኪነካው ድረስ ከወትሮው የረዘመ ጉዞ ያስፈልገዋል፤ አንተም ፔዳሉን ጠለቅ አድርገህ ትረግጣለህ። በነፋስ በሚሠራ ፍሬን ላይ ይህ በተለይ አደገኛ ነው፤ ሸራውን የሚገፋው ዘንግ የሚሄደው ርቀት የተወሰነ ነውና። ማስተካከያው ቀድሞም ልል ከነበረ ዘንጉ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን ያህል ብትረግጥ ምንም አይጨምርም።

በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን ደግሞ ሌላ ጠላት አለው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ጠርሙሱ ውስጥም፣ መኪናው ውስጥም። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 140 ዝቅ ይላል። ከታምቡሩ የሚመጣው ሙቀት ዘይቱን ሲያፈላው ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይታመቅም፤ ስለዚህ የእግርህን ኃይል ሳይቀንስ ያደርሳል። እንፋሎት ግን ይታመቃል። ፔዳሉ ስፖንጅ የረገጥክ ያህል ይለሰልስና እስከ ወለሉ ይወርዳል። አንድ ሰው ሸራ አስለውጦ፣ ታምቡር አስፈትሾ፣ የሦስት ዓመት ዘይት ግን እዚያው ቢተው «አዲስ ፍሬን» አለኝ ማለት አይችልም። አዲስ ሸራም ቢሆን ገና ከታምቡሩ ጋር አልተላመደም፤ የሚነካው በከፊል ብቻ ነው። ሸራ ባስለወጥክ ማግስት አባይን ሞልተህ አትውረድ። ጥቂት ቀን ሜዳ ላይ ሥራበት፤ ከዚያ አስተካክለው።

ስለ ሁለቱ ምክሮች ደግሞ እንነጋገር። ማርሽ ያወጣ ሹፌር ሰባቱን ኩንታል በሙሉ ለፍሬን ብቻ አስረክቧል። ፍሬኑን ለአፍታ ቢለቅስ? ከቆመበት ተነሥቶ በዚያ ቁልቁለት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ያለ ማርሽና ያለ ፍሬን የተለቀቀ መኪና 70 ሜትር ከፍታ ይወርዳል። የጎማውንና የአየሩን መከላከል ቀንሼ ሳሰላው ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ! ከዚያ ፍጥነት ላይ ሆኖ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መመለስ አይቻልም፤ የካምቢዮው ጥርሶች በማይጣጣም ፍጥነት ስለሚዞሩ እጀታው አይገባልህም። ማርሽ የሚመረጠው ከቁልቁለቱ በፊት ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

ነዳጅ ይተርፋል የሚለውም ስሕተት ነው፤ ይህን በተለይ ለባለ ንብረቱ ንገረው። ማርሽ ወጥቶ ሞተሩ እንዲሁ ሲንተከተክ ራሱን ለማዞር ነዳጅ ያቃጥላል። ማርሽ ውስጥ ሆነህ ነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ስትለቅ ግን ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው፤ የነዳጅ ፓምፑ ነዳጁን ይቆርጣል። ስለዚህ በማርሽ የሚወርድ መኪና በነዳጅ ረገድም አይጎዳም። ሞተሩን አጥፍተው የሚወርዱም እንዳሉ ሰምቻለሁ። ሞተር ሲጠፋ ለፍሬኑ ነፋስ ወይም ረዳት ኃይል የሚሰጠው ክፍል ይቆማል፣ መሪው ይከብዳል፤ ቁልፉ ከወጣ ደግሞ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ካየህ ስለ ነፍስህ ስትል አብረኸው አትሳፈር።

ማርሽ ውስጥ እያለህ ነዳጁን ስትለቅ አዛዡና ታዛዡ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሜዳ ላይ ሞተር ጎማን ያዞራል፤ ቁልቁለት ላይ ጎማ ሞተርን ያዞራል። ያ ሁሉ ፒስተን፣ ያ ሁሉ ፓምፕና ማርሽ በግድ ሲዞር ይቃወማል። በዝቅተኛ ማርሽ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ ብዙ ጊዜ ይዞራል፤ ተቃውሞውም ጎማው ላይ ሲደርስ በዚያው ልክ ይባዛል። ብዙ የናፍጣ መኪኖች በዚህ ላይ የጭስ ማውጫውን የሚዘጋ ረዳት ፍሬን አላቸው፤ መውጫ ያጣው አየር ፒስተኑን መልሶ ይገፋዋል። ያንተ መኪና ይህ ካለው ማብሪያው መሪው አጠገብ ነው፤ መሥራቱን ሜዳ ላይ አረጋግጥ።

እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምትይዝልኝ ነጥብ ይህች ናት። ሞተር ሙቀት ለማስወጣት የተሠራ ዕቃ ነው፤ ራዲያተር፣ ማራገቢያ፣ ውኃ፣ ዘይት አለው፤ ቀኑን ሙሉ ሲነድ ይውላል። ፍሬን ግን ለአጭር ጊዜ ሥራ የተሠራ ነው፤ ከብረቱና ከሚያልፈው ነፋስ በቀር ማቀዝቀዣ የለውም። የተራራውን ጉልበት ማቀዝቀዣ ላለው ክፍል መስጠት እየቻልክ ለሌለው መስጠት ምን ይባላል?

ሽማግሌው «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» ያሉህ እንግዲህ በቁጥር ሳይሆን በዘመን የተፈተነ ፊዚክስ ነው። ያው ሰባት ኩንታል ስትወጣም ይጎትትሃል፤ እሱን ለማሸነፍ ያስፈለገ ማርሽ እሱን ለመያዝም ይቀርባል። ነገር ግን ደንቡ የተወለደው ሞተሮች ደካማ በነበሩበት ጊዜ ነው። የዛሬ ሞተር ጉልበቱ ስለጨመረ አንድን ዳገት በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ሊወጣው ይችላል፤ የመያዝ አቅሙ ግን በዚያው ልክ አላደገም። ስለዚህ ምክሬ ከምትወጣበት አንድ ማርሽ ዝቅ በል ነው። ደግሞም ከአዲስ አበባ ስትሄድ የሚቀድምህ መውረድ ነው፤ ጎሃ ጽዮን ላይ ስትደርስ በስንተኛ ማርሽ እንደምትወጣ ገና አላወቅህም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛን ምረጥ። ነዳጅም ፍሬንም ሳትነካ ፍጥነትህ በሰዓት 30 አካባቢ ቢረጋ ማርሹ ትክክል ነው። የሞተሩ ዙር ወደ ቀዩ መስመር ከተጠጋ ግን ፍሬን ይዘህ ፍጥነትህን ቀንስ፤ ሞተርም በጎማ ተገፍቶ ከልኩ በላይ ከዞረ ይሰበራል። ፍሪሲዮን ረግጠህ መውረድም ማርሽ ከማውጣት አይለይም፤ ሞተሩን ከጎማው ለያየኸው ማለት ነው።

ማርሹ ብቻውን ካልበቃ ፍሬን ትጨምራለህ። እንዴት? ብዙ ሰው እግሩን ፔዳሉ ላይ ቀለል አድርጎ አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ይወርዳል፤ «እያሻሸሁ ነው» ይላል። ይህን አልመክርህም። ለራስህ ጣሪያ አብጅ፤ 35 እንበል። ፍጥነትህ እዚያ ሲደርስ ፍሬኑን ጠንከር አድርገህ ያዝና ወደ 25 አውርደው፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቀው። እንደገና 35 ሲደርስ ድገመው። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ በሁለቱም መንገድ የሚፈጠረው ጠቅላላ ሙቀት እኩል ነው፤ ፊዚክስ አይሸወድም። ልዩነቱ ሙቀቱን ማን ይካፈላል የሚለው ነው። ቀለል አድርገህ ስትረግጥ ሸራው ጠበቅ ያለው አንዱ ጎማ ቀድሞ ይነካና ሥራውን ብቻውን ይሸከማል፤ ሌሎቹ ገና አልነኩም። ጠንከር ስትል ሁሉም ጎማዎች ይይዛሉ፤ ሙቀቱ ይከፋፈላል።

ስለ ጭነትና ስለ ጠመዝማዛው መንገድ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ከነጭነቱ መቶ ኩንታል እንዲመዝን የተፈቀደለት መኪና ላይ ሠላሳ ኩንታል ከጨመርክ ጉተታውም ሙቀቱም 30 በመቶ ይጨምራል፤ ታምቡሮቹ ግን ያው ናቸው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ መታጠፊያው ነው። ማንኛውም የሚንቀሳቀስ አካል ካልያዙት ቀጥ ብሎ መሄድ ነው የሚፈልገው። መታጠፊያ ላይ መኪናውን ከቀጥታ መንገዱ የሚያወጡት ጎማዎቹ ናቸው፤ ጭነቱ ግን ከላይ ሆኖ ቀጥ ማለቱን አይተውም። 30 ሜትር ራዲየስ ያለው መታጠፊያ ላይ በሰዓት 30 ብትገባ ያ ወደ ጎን የሚገፋህ የሚመስለው ኃይል ከመኪናው ክብደት ሩብ ገደማ ነው። በ40 ብትገባ ከ40 በመቶ ያልፋል። በ60 ከክብደቱ ጋር ሊስተካከል ጥቂት ይቀረዋል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ነውና። ከፍ ብሎ የተጫነ የጭነት መኪና የሚገለበጠው ይህ ኃይል ከክብደቱ 35 እስከ 40 በመቶ ሲደርስ ነው። እንግዲህ ልብ በል፤ በሰላም በመታጠፍና በመገልበጥ መካከል ያለው ልዩነት በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። መኪናው ከመገልበጡ በፊት መንሸራተት ይቀድማል ብለህ አትጠብቅ፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ጎማው ከዚህ በላይ ስለሚይዝ ይገለብጠዋል እንጂ አያንሸራትተውም። ከባዱን ዕቃ ከታች፣ ቀላሉን ከላይ አድርግ፤ በገመድም አጥብቀህ እሰረው። ጭነት ላይ ሰው አታስቀምጥ። ማንም ቢለምንህ፣ ዘመድህም ቢሆን። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ የሰውየውን ፍጥነት የሚቀንስለት ምንም ነገር የለም፤ እሱ በነበረበት ፍጥነት ይቀጥላል።

ያ መንገድ ደግሞ ራሱ የቆመ ነገር አይደለም። የሸለቆው መሬት ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ይሸበሸባል፣ ይጎረብጣል። ጉርብጥብጡ ላይ ጎማ ለቅጽበት ከመሬት ሲነሣ መያዙም መታጠፉም ይቀንሳል። በክረምት ጭጋግ ሲወርድ በ25 ብትወርድም ማንም አይወቅስህም። ባዶ መኪና በዝናብ ስትወርድ የጭስ ማውጫ ፍሬኑን በጥንቃቄ ተጠቀም፤ ቀላል የሆኑት የኋላ ጎማዎች እርጥብ መንገድ ላይ ሊንሸራተቱ ይችላሉ። ይህ ሁሉ ለአባይ ብቻ አይደለም፤ ጣርማ በርም፣ ሊማሊሞም፣ ግራ ካሱም ሕጋቸው አንድ ነው።

ያ ክፉ ቀን ቢመጣስ? ፔዳሉ ቢለሰልስብህ ቁልፉን አታጥፋ፣ ፍሪሲዮን አትርገጥ። ያለህበት ማርሽ ትልቁ ወዳጅህ ነው። ፍሬንህ በፈሳሽ የሚሠራ ከሆነ ደጋግመህ ቶሎ ቶሎ ርገጥ፤ የተረፈ ግፊት ሊሰበሰብልህ ይችላል። በነፋስ የሚሠራ ከሆነ ግን አትደጋግም፤ ያለህን ነፋስ ትጨርሰዋለህ። የእጅ ፍሬኑን ሳትመነጭቅ ቀስ በቀስ ሳብ። ፍጥነቱ ገና ዝቅተኛ ሳለ አንድ ማርሽ ለማውረድ ሞክር። መብራትህን አብራ፣ ጡሩምባህን አትልቀቅ። ይህ ሁሉ ካልያዘው መኪናውን በተራራው በኩል ካለው አፈር ጋር አፋትገው። ብረት ይጠገናል። በዚያ ሰዓት ስለ ፓራውልትና ስለ ሸቀጥ አታስብ፤ ባለ ንብረቱ ቢቆጣም ይቆጣ፤ አንተ በሕይወት ኑር። ውሳኔውንም አታዘግይ፤ እያንዳንዱ የዘገየህበት አሥር ሴኮንድ ፍጥነት ይጨምርብሃልና፣ በ40 የሚያፋትግህ አፈር በ90 ግድግዳ ነው።

በመጀመሪያው ጉዞህ ላይ፣ ከተቻለ እኚያን ሽማግሌ ሹፌር አጠገብህ አስቀምጥ። ጎሃ ጽዮን ላይ ቁም። የፍሬን ዘይቱን መጠን እይ፣ የነፋሱን መለኪያ እይ፣ ጎማዎቹን ዞረህ ተመልከት፤ ከዚያ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተህ ተነሣ። ከኋላህ የሚያጮህብህ ይኖራል፤ ሲመችህ ዳር ይዘህ አሳልፈው። ግማሽ ላይ ሜዳና ሰፊ ቦታ ስታገኝ ረዳትህ ታኮ ያድርግ፤ የእጅ ፍሬን በጋለ ታምቡር ላይ አጥብቀህ አትተው። ውኃም አትድፋበት፤ የጋለ ብረት በቀዝቃዛ ውኃ ይሰነጠቃል። ከዚያ የእጅህን ጀርባ ሳትነካ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጋ። የፊቶቹና የኋላዎቹ እርስ በርሳቸው ላይመሳሰሉ ይችላሉ፤ የአንድ አክስል ቀኝና ግራ ግን ሙቀታቸው ተቀራራቢ መሆን አለበት። አንዱ ሲፋጅ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ቀዝቃዛው አልሠራም፤ የጋለው የሁለት ሰው ሥራ ሲሠራ ነበር። ያን መኪና በማርሽ እየያዝክ ቀስ ብለህ አውርደውና ደጀን ወይም ደብረ ማርቆስ ስትደርስ ለመካኒክ አሳየው፤ የመልሱን ጭነት ከመጫንህ በፊት።